ስሙ የሌለበት ሸክላ

ቅዳሜ

ጎረቤቴ ትልቅ አሜሪካዊት እናት ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና እየተጠጋ ነው። ዛሬ ጠዋት ከሥራ ስመለስ በራቸው ላይ ጠብቀው አስገቡኝና አንድ ካርቶን አሳዩኝ። ሙሉ የዘፈን ሸክላ ነው። ባለቤታቸው ገና ወጣት ሳሉ፣ ሳይጋቡ በፊት የገዙት ነው። ሰውዬው ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ማጫወቻው ደግሞ ድሮ ተጥሏል።

«ሌላው ይቅርብኝ፤ አንዷን ዘፈን ብቻ ስልኬ ላይ አድርግልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

ዘፈኗ «ኤቭሪባዲስ ሰምባዲስ ፉል» ትባላለች። ሰው ሁሉ ለአንድ ሰው ሲል ሞኝ ይሆናል እንደ ማለት ነው። ያሳተመው ዴካ የተባለው የአሜሪካ የሸክላ ኩባንያ ነው። ባለ 10 ኢንች፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር፣ ከባድ ሸክላ። ከጠርዙ ተነስቶ ወደ መሐል የሚገባ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አለው።

መሐሉ ላይ የተለጠፈውን ጥቁር ወረቀት አነበብኩ። የዘፈኑ ርዕስ አለ። የባንዱ መሪ የሊዮኔል ሃምፕተን ስም አለ።

«የሚዘፍነው ግን ጂሚ ነው» አሉ እሳቸው።

ጂሚ የሚል ነገር የለም። ገልብጬም አየሁ። የለም።

ሥራውን ዛሬ ጀምሬያለሁ። በየዕለቱ የማደርገውን እዚህ እጽፋለሁ፤ የቤተሰብ አሮጌ ሸክላ እጁ ላይ ያለ ሰው ሊጠቅመው ይችላል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እሑድ

ምን እንደማጸዳ ሳላውቅ መንካት አልፈለግኩም። ርዕሱን ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ በ1960 አሜሪካ ውስጥ አንደኛ የወጣው የኮኒ ፍራንሲስ ዘፈን ነው። ግማሽ ሰዓት እሱን ሰማሁ። ስሙ አንድ ነው እንጂ ዘፈኑ ሌላ ነው። ዜማውም ግጥሙም አይገናኝም። የእኛ ዘፈን ደራሲዎች የሃምፕተን ባለቤት ግላዲስ ሃምፕተን፣ ሬጂና አዳምስና ኤስ አዳምስ ናቸው። ማይክል ጃክሰን በ1972 «ቤን» በተባለው አልበሙ ላይ ገና ልጅ ሳለ የዘፈነው ይህኛውን ነው። ስትፈልጉ የደራሲዎቹን ስም አብራችሁ አስገቡ። ጊዜ ይቆጥባል።

ዘፋኙ ጂሚ ስኮት ነው። ሐምሌ 17 ቀን 1925 ኦሃዮ ውስጥ ክሊቭላንድ ተወለደ። ከአሥር ልጆች አንዱ ነው። 13 ዓመቱ ላይ እናቱን መኪና ገጭቶ ገደላቸው። ልጆቹም ተበታትነው በየሰው ቤት አደጉ።

ካልማን ሲንድሮም የሚባል በዘር የሚመጣ የሆርሞን ችግር ነበረበት። የጉርምስና ለውጥ በሰውነቱ ላይ አልመጣም። ድምፁ አልጎረነነም። ቁመቱ እስከ ሠላሳዎቹ ዕድሜው መጨረሻ ድረስ ከአንድ ሜትር ተኩል አላለፈም፤ ከዚያ በኋላ ነው በድንገት 20 ሳንቲ ያህል የጨመረው። በ1948 ሃምፕተን ባንዱ ውስጥ ሲያስገባው «ትንሹ ጂሚ ስኮት» ብሎ ስም አወጣለት። 23 ዓመት የሞላውን ሰው «ትንሹ» አሉት።

ዘፈኑ በታኅሣሥ 1949 ተቀረጸ። በ1950 በሪትም ኤንድ ብሉዝ ዘፈኖች የተወዳጅነት ሰንጠረዥ እስከ 6ኛ ደረጃ ወጣ። በየጁክቦክሱ፣ በየመጠጥ ቤቱ በቆመው የሸክላ ማጫወቻ ሣጥን፣ ሳንቲም እየጨመረ የሰማው ሕዝብ ስሙን ፈልጎ ወረቀቱን ቢያይ አያገኘውም። ጎረቤቴ ያሉኝ እውነት ነው።

ማክሰኞ ማታ

እጥበት።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል፤ የ78 ሸክላ ላይ አልኮል እንዳታስነኩ። የዛሬዎቹ ሸክላዎች ቪኒል የሚባል ፕላስቲክ ናቸው። የድሮዎቹ ግን ሼላክ ናቸው። ሼላክ ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው፣ ከድንጋይ ዱቄት ጋር ተደባልቆ የተጋገረ። አልኮል ሙጫውን ያሟሟዋል። ዘፈኑ በጨርቁ ተጠርጎ ይሄዳል ማለት ነው። ሲወድቅም እንደ ገል ነው የሚሰበረው።

እኔ የተጠቀምኩት ዲስቲልድ ውሃ፣ ሁለት ጠብታ የዕቃ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ነው። መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት እንዳይረጥብ ክብ ፕላስቲክ ቆርጬ ሸፈንኩት። ብሩሹን በመስመሩ አቅጣጫ ዙሪያውን አዞርኩ። ስንጥቁ ጋ ስደርስ እጄን አቀለልኩ። ውሃው ቡና መሰለ። ሦስት ጊዜ ለወጥኩት። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ አለቅልቄ በማይክሮፋይበር ጨርቅ አደረቅኩና በጠርዙ አቁሜ ተውኩት።

ፕላስቲኩን ሳነሳ ወረቀቱ እንዳልረጠበ ለማየት ከመብራቱ ሥር አዘነበልኩት። እዚያ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር አየሁ። ፊት ለፊት ሲያዩት ጥቁር በጥቁር ስለሆነ አይታይም። ወደ ጎን ሲያዘነብሉት ግን እርሳሱ ብርሃን ይመልሳል። ከሃምፕተን ስም ዝቅ ብሎ በተያያዘ የእጅ ጽሑፍ፣ «ጂሚ ስኮት» ይላል።

ለረጅም ጊዜ እያዘነበልኩ አየሁት። ስልኬን አምጥቼ ፎቶ ለማንሳት ሞከርኩ፤ ሰባተኛው ላይ ወጣልኝ። ጠዋት ለጎረቤቴ አሳይቼ የማን ጽሑፍ እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ።

ረቡዕ

የባለቤታቸው ነው። ፎቶውን ሳሳያቸው መነጽራቸውን ሁለቴ ጠረጉ። «እሱ ነው። ጄውን እንዲህ ነው የሚጽፋት» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ እኔም አልጨመርኩም።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ አልተሳካም።

እኔ ጋ ያለው ማጫወቻ በደቂቃ 33 ወይም 45 ጊዜ ብቻ ነው የሚያዞረው። በ45 ቀድቼ ኮምፒውተር ላይ ላፈጥነው አሰብኩ። 78ን ለ45 ማካፈል ነው፣ 1.733 እጥፍ። ሠራ፣ ግን ድምፁ ትክክል አልመጣም። የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ምክንያቱን ነገረኝ። የማጫወቻውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላው ፎኖ ማጉያ ወፍራምና ቀጭን ድምፆችን የሚያመዛዝነው ሸክላው በትክክለኛ ፍጥነቱ እንደሚዞር አስቦ ነው። በዝግታ ከቀዳህ ማመዛዘኑ ያለ ቦታው ይውላል። ይስተካከላል፤ ግን ሌላ ስሌት ይፈልጋል።

ስለዚህ 78 ያለው ያገለገለ ማጫወቻ ገዛሁ። ሻጩ የ78 መርፌ አለው ብሎኝ ነበር። የለውም። የተገጠመው የቪኒል መርፌ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የቪኒል መርፌ ጫፍ ወደ 18 ማይክሮን ነው፣ የ78ቱ ወደ 76። ቀጭኑ መርፌ ሰፊው መስመር ውስጥ ሲገባ ግድግዳውን አይነካም፤ ወለሉ ላይ ይንሸራተታል። ወለሉ ላይ ያለው ደግሞ አቧራና ጭረት ነው። የሰማሁት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ነው። ከዝናቡ ጀርባ አንድ ሰው ይዘፍናል።

ትክክለኛውን መርፌ አዝዣለሁ።

ቅዳሜ

መርፌው መጣ። ክብደቱን 4 ግራም አካባቢ አደረግኩ። ስንጥቁን ያልፈው ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። አለፈው። በዞረ ቁጥር «ጠቅ» ይላል እንጂ አይዘልም።

ድምፁን በስቴሪዮ፣ ግራና ቀኙን ለየብቻ ቀዳሁት፣ በ96 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት። ሸክላው ሞኖ፣ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ድምፅ ሆኖ ሳለ በስቴሪዮ የምቀዳው ሁለቱ የመስመሩ ግድግዳዎች እኩል ስላላረጁ ነው። በኋላ ሁለቱን አንድ ሳደርጋቸው መርፌው ወደ ላይና ወደ ታች ሲነጥር የሚያመጣው ጫጫታ እርስ በርሱ ይጣፋል። ያልተነካውን ቅጂ ሁለት ቦታ አስቀመጥኩ። ያንን ማንም አይነካውም፣ እኔም ጭምር።

ከዚያ ቁጭ ብዬ ሰማሁት።

ድምፁ የሴት ነው እንዳልል የሴት አይደለም፣ የልጅም አይደለም። ከፍ ያለ ነው፤ ግን ውስጡ ሙሉ ትልቅ ሰው አለ። ደግሞ አይቸኩልም። ባንዱ ምቱን ይመታል፣ እሱ የለም። አሁን አመለጠው ስትሉ ቃሉን ይዞ ይመጣል። ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ሞገዱን ትልቅ አድርጌ አየሁት። የቤዙ ምት እንደ አጥር ቋሚ በእኩል ርቀት ተተክሏል። የእሱ ቃል የሚጀምረው ሁልጊዜ ቋሚውን ካለፈ በኋላ ነው። አንዳንዱ ቃል በጣም ርቆ ሄዶ ቀጣዩን ቋሚ ሊነካ ይደርሳል። ግን አንድም ቦታ ላይ አይጠፋም፤ የስንኙ መጨረሻ ላይ ከባንዱ ጋር እኩል ይደርሳል። ዝነኛዋ የጃዝ ዘፋኝ ቢሊ ሆሊዴይ ትወደው ነበር። ሌላዋ ዘፋኝ ናንሲ ዊልሰን ከእሱ እንደተማረች በግልጽ ትናገር ነበር። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

አንድ ችግር አለ። ረጅም ኖታ ሲይዝ ድምፁ ይወዛወዛል። መጀመሪያ የእሱ መስሎኝ ነበር። ሲደጋገም ግን ልክ ሸክላው በሚዞርበት ልክ ነው። የሸክላው ቀዳዳ ትክክል መሐል ላይ አልተበሳም ማለት ነው፣ መርፌው በየዙሩ ወዲህና ወዲያ ይላል። ሌላ ዘፋኝ ቢሆን ማንም አያስተውለውም። ጂሚ ግን ኖታውን ዘርግቶ ስለሚይዝ ይጋለጣል።

እሑድ

የመሐሉን ብረት እሾህ ከማጫወቻው ላይ ነቀልኩ፤ የእኔው ይነቀላል። ሸክላውን በእጄ ትንሽ ትንሽ እየገፋሁ የመርፌውን ክንድ ከጎን አየሁ። ክንዱ መወዛወዙን ሲያቆም መሐሉ ተገኝቷል ማለት ነው። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። እንደገና ቀዳሁ። አሁን ኖታው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መጨረሻው ላይ ብቻ እሱ ራሱ በፈለገው መጠን ይንቀጠቀጣል። አርባ ደቂቃው ለዚህች ይገባታል።

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ

ስንጥቁ።

ሸክላው አንዴ ለመዞር 0.77 ሰከንድ ይፈጅበታል። ስንጥቁ ከጠርዙ እስከ ዘፈኑ ግማሽ ጥቂት አለፍ ብሎ ይገባል። ቆጠርኳቸው፣ 127 ጠቅታ። ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲያጠፋቸው አዘዝኩት። አጠፋቸው፣ ግን የመለከቱን አፍም አብሮ ቆረጠው፤ መለከት ሲጀምር ለኮምፒውተሩ ጠቅታ ይመስለዋል። ስለዚህ ሰረዝኩና አንድ በአንድ በእጅ ገባሁበት። ማጉላት፣ ሹሉን መምረጥ፣ መጠገን፣ መስማት፣ ወደ ቀጣዩ። በማታ አርባ ያህል ይወጣል። ከዚያ በላይ ዓይን አይችልም።

እጅ ሲሠራ ሐሳብ ነፃ ነው። በእነዚህ ሦስት ማታዎች የጂሚን ሕይወት ሳነብና ሳሰላስል ቆየሁ።

በ1950 ኒውዮርክ በርድላንድ ክለብ ከሳክስፎን ተጫዋቹ ቻርሊ ፓርከር ጋር ዘፈነ። ቅጂው ከብዙ ዓመታት በኋላ አልበም ሆኖ ሲወጣ ዘፋኙ ተብሎ የተጻፈው ቸቢ ኒውሰም ነው። ቸቢ ኒውሰም ሴት ናት። የመጀመሪያው ላይ ስሙ ቀረ፤ ሁለተኛው ላይ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

በ1955 ኒውጀርሲ ኒውአርክ ላለው ሳቮይ ሪከርድስ ለተባለ የሸክላ ኩባንያ ፈረመ። ባለቤቱ ኸርማን ሉቢንስኪ ይባላል። ገንዘብ የማይወጣው ሰው መሆኑን ለእሱ የሠሩ ሙዚቀኞች ይናገራሉ። ጂሚ ለዓመታት እየቀረጸ ከእጁ ብዙ አልገባም።

ከዚያ ዝነኛው ዘፋኝና ፒያኖ ተጫዋች ሬይ ቻርልስ መጣ። በ1962 ታንጀሪን በተባለው በራሱ ኩባንያ ሊያሳትምለት ስቱዲዮ አስገባው። ሬይ ራሱ ፒያኖ ተጫወተ። ሙዚቃውን ማርቲ ፔይችና ጄራልድ ዊልሰን አቀናበሩት፣ ከነቫዮሊኑ። አሥር ዘፈን ነው። «ፎሊንግ ኢን ላቭ ኢዝ ዎንደርፉል» ተባለ። እኔ ሰምቼዋለሁ፤ ሬይ ፒያኖውን ለእሱ ቦታ እየለቀቀ ነው የሚመታው። ጂሚ በዘገየ ቁጥር ሬይ ይጠብቀዋል። ሌላ ማንም እንዲህ አልጠበቀውም። ሽፋኑ ላይ ግን ፎቶው የለም። ለማስታወቂያ የቆሙ ወንድና ሴት ናቸው ያሉት።

አልበሙ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ሉቢንስኪ «ይህ ሰው የፈረመው ለእኔ ነው» አለ። አልበሙ ከገበያ ተሰበሰበ። ጂሚ ያኔ የጫጉላ ሽርሽር ላይ ነበር። እንደገና ለመታተም 40 ዓመት ያህል ፈጀበት። በ1969 ለአትላንቲክ ኩባንያ ሌላ ቀረጸ፣ «ዘ ሶርስ» የሚባል። የእሱም ዕጣ ከዚያኛው አልተሻለም።

ጠቅታ ቁጥር 96 ላይ እዚህ ደርሼ ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። ተናድጄ ነበር። ሲናደዱ የተጠገነ ጠቅታ ጥሩ አይወጣም፤ የዚያን ማታ የመጨረሻዎቹን አምስት በኋላ ደግሜያቸዋለሁ።

ሐሙስ

ዛሬ የሌሊት ተራዬ ስለነበር አልሠራሁም። ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ታካሚ ከክፍል ወደ ራጅ፣ ከራጅ ወደ ክፍል በተሽከርካሪ ወንበር እገፋለሁ። አልጋ አነጥፋለሁ።

ይህን የምጽፈው ጂሚም ይህንኑ ሥራ ስለሠራ ነው። አልበሞቹ ከታገዱ በኋላ ክሊቭላንድ ተመልሶ ሆስፒታል ውስጥ በረዳትነት ሠራ። ሆቴል ውስጥ ሊፍት ሠራተኛ ሆነ፣ ዕቃ ላኪና ተቀባይም ሆነ። ሌሊቱን ስለዚህ ሳስብ አደርኩ። ከእነዚያ ታካሚዎች አንዷ በወጣትነቷ ያን ዘፈን እየሰማች ያለቀሰች ልትሆን ትችላለች። ወንበሯን የሚገፋው እሱ ነው። ስሙ ወረቀቱ ላይ ስላልነበረ፣ የደንብ ልብሱ ላይ ያለውን ስም ብታነበውም አታውቀውም።

ቅዳሜ

ጠቅታዎቹ አለቁ። ዛሬ የቀረው ሽሽታው ነው፣ ከዘፈኑ ጀርባ ሳያቋርጥ «ሽ» የሚለው ድምፅ።

የጫጫታ መቀነሻውን መጀመሪያ 20 ዴሲቤል ላይ አደረግኩ። ጸጥ አለ። ደስ ብሎኝ ለጓደኛዬ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ።

«ሰውዬው መተንፈስ አቁሟል እኮ!»

ደግሜ ሰማሁ። ልክ ነው። ቃል ከመጀመሩ በፊት ያስገባት የነበረችው አየር የለችም። የእሱ መዘግየት ግማሹ እዚያች ትንፋሽ ውስጥ ነው ያለው። ስትሰሟት ሊመጣ መሆኑን ታውቃላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ። ትንፋሿ ስትጠፋ ዘግይቶ የመጣ ሰው ብቻ ይሆናል።

ወደ 6 ዴሲቤል አወረድኩት። ሽሽታው አለ። ይኑር። ትንፋሹም አለ።

ከዚህ ልምድ የምመክረው፣ መጀመሪያ ሽሽታውን ሳይሆን የምትወዱትን ነገር ለይታችሁ ስሙ። ከዚያ እሱ እስኪነካ ድረስ ብቻ አጽዱ።

እሑድ ጠዋት

ፋይሉን አስቀመጥኩ። አንዱ ትልቁ ለማኅደር፣ አንዱ ትንሹ ለስልክ።

መረጃ መሙያው ተከፈተ። ርዕስ፣ ሞላሁ። ዓመት፣ 1950። አሳታሚ፣ ዴካ። ደራሲዎች፣ ሦስቱንም። ከዚያ «አርቲስት» የሚለው ጋ ደረስኩ።

ደንቡን አውቀዋለሁ። ሸክላ የሚያሰባስቡ ሰዎች ወረቀቱ ላይ ያለውን እንዳለ ጻፍ ይላሉ፤ አለዚያ ካታሎግ ላይ ተፈልጎ አይገኝም። ትክክል ናቸው። ስለዚህ ወረቀቱ የሚለውን በማስታወሻ ሳጥኑ ውስጥ ቃል በቃል አስገባሁት። በአርቲስቱ ቦታ ግን «ጂሚ ስኮት፣ ከሊዮኔል ሃምፕተን ኦርኬስትራ ጋር» ብዬ ጻፍኩ። ለሽፋን ፎቶ ያቺን ሰባተኛዋን አደረግኩ፣ እርሳሱ የሚያበራባትን።

እሑድ ከሰዓት

ወሰድኩላቸው። ስልካቸው ላይ ጫንኩና ድምፅ ማጉያ ከኋላው አስቀመጥኩ። ዘፈኑ ሲጀምር እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ከባንዱ ጋር ሳይሆን ከእሱ ጋር ነው የሚነቀነቁት፣ ዘግይተው። መስመር በመስመር ያውቁታል።

ሲያልቅ የቀረውን ጠየቁኝ፣ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ብለው። ነገርኳቸው። በ1991 የዘፈን ደራሲው ዶክ ፖመስ ሲሞት በቀብሩ ላይ ዘፈነ። ዶክ በሕይወት ሳለ ይህን ሰው ቅረጹት እያለ ለዓመታት ሲለምን ነበር። ቀብሩ ላይ የሙዚቃ ኩባንያው የሳየር ሪከርድስ ኃላፊ ሲሞር ስታይን ተቀምጦ ነበርና ሰምቶ አስፈረመው። በዚያው ዓመት «ትዊን ፒክስ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ የመጨረሻ ክፍል ላይ ዘፈነ። በ1992 «ኦል ዘ ዌይ» የተባለው አልበም ወጣ፣ ለግራሚም ታጨ። ስሙ ከነፎቶው ሽፋኑ ላይ ነበር። 67 ዓመት የሞላው በዚያው ዓመት ነው። በ2007 ለጃዝ ሰው በአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠውን ትልቁን ክብር፣ የጃዝ ማስተርነትን አገኘ። ሰኔ 12 ቀን 2014 ላስ ቬጋስ ውስጥ በ88 ዓመቱ አረፈ።

«ደግመህ አጫውተው» አሉኝ።

ሁለተኛው ሲጫወት ሸክላውን ከካርቶኑ አውጥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ። ቆዩ።

«አየሁት» አሉ።